አሮጊቷን ቤንዝ በማን ልተካት?

ዛሬም እንደ ወትሮው ስለ ባልና ሚስት ኩርፊያ ነው የማጫውታችሁ። ብቻ በመካከላቸው የገባችው ሦስተኛዋ ወገን ሰው አይደለችም፤ መኪና ናት። ያውም ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ፣ ግን አሁንም ስታልፍ አንገት የምታስጠመዝዝ አሮጊት ማርቼዲስ!

ሳቃችሁ አይደል? እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። እንዲያውም «አንተ ሰውዬ፣ እኛ እዚህ የታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ይቀቅለናል፣ አንተ የትኛውን ስፖርት መኪና ልግዛ ብለህ እንቅልፍ አጣህ?» ብዬ ተርቤዋለሁ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ስሰማው ግን ሳቄን ዋጥ አደረግሁት።

ባለታሪኬ የሰፈራችን ልጅ፣ የታላቅ ወንድሜ አብሮ አደግ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የዓምዳችን ልማድም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲገባ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የያዘው ሥራ ብዙ ሀበሻ የያዘውን ነው፤ ፓርኪንግ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል። ጠዋት የጠበቃውን ፖርሽ፣ ከሰዓት የሐኪሙን ጃጓር ሃምሳ ሜትር ይነዳና ማታ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይገባል። «ያልነዳሁት ውድ መኪና የለም» ይላል ሲቀልድ፤ «ግን ከሁለተኛ ማርሽ አልፌ አላውቅም!»

አባቱን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ፤ የሚይዙትም ጥቁር ማርቼዲስ ነበር። ማለዳ ተነስተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ መኪናዋን እንደ ሕፃን ልጅ ሲያጥቧት እያየ ነው ያደገው። አንድም ቀን ግን አሳፍረውት አያውቁም። «የመንግሥት ንብረት ነው» ብለው ልጃቸውን በእግሩ ትምህርት ቤት ይልኩታል። እንግዲህ ልጅ ምን ያስባል? «ሳድግ የራሴን እገዛለሁ፤ አባባንም አሳፍራቸዋለሁ» ነዋ!

አደገ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከፓርኪንጉ ደንበኞች አንዱ ጡረታ ሲወጣ የ1992 ሥሪት 500 ኤስ ኤል ማርቼዲሱን ሸጠለት። ሁለት ወንበር፣ ሸራ ጣሪያ፣ ከፊቷ ላይ ያቺ የምታውቋት ኮከብ። የዚያን ዕለት ማታ በአውቶቡስ አልሄደም።

ልዕልት የተተቸችባት መኪና

መቼም መኪና የማትወዱ ብትኖሩም ይቺን ለመረዳት ትንሽ ታገሡኝ። ኤስ ኤል የሚባለው የማርቼዲስ ዘር ስሙ የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣችውና በሮቿ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ በሚከፈቱት በ300 ኤስ ኤል ነው። የወዳጄ መኪና ትውልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቭ ላይ ለሕዝብ ታየ። እስከ 2001 ድረስም ከ200 ሺህ በላይ ተሠራ። የ500ዋ ሞተር 5 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ነው፤ ጉልበቱ አሜሪካ ውስጥ በተሸጡት ላይ 322 ፈረስ። ጣሪያዋ ቁልፍ ሲነኩት ራሱ ተጣጥፎ ከኋላ ይደበቃል። መኪናዋ ልትገለበጥ መሆኗ ከታወቃት ደግሞ ከወንበሮቹ ጀርባ የተሸሸገ የብረት ቅስት በ0.3 ሰከንድ ብድግ ብሎ የተሳፋሪውን ጭንቅላት ያድናል። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ያኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1989!

ልዕልት ዳያናም አንዷን ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ቀይ 500 ኤስ ኤል መንዳት ስትጀምር እንግሊዞች «የአገሯን መኪና ትታ እንዴት የጀርመን ትነዳለች?» ብለው ወረዱባት። በ1992 መለሰቻት። ዛሬ ያቺ መኪና ሽቱትጋርት የሚገኘው የማርቼዲስ ሙዚየም ንብረት ናት። እንግዲህ ልዕልት የተተቸችባትን ዓይነት መኪና ነው የእኛ ሰፈር ልጅ ይዞ ሀበሻ ምግብ ቤት በር ላይ የሚያቆመው!

እ.ኤ.አ. በ2016 አባቱን ለጉብኝት ወሰዳቸው። ኤርፖርት ሊቀበላቸው የሄደው በዚህችው መኪና ነበር። አባት ሻንጣቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው መኪናዋን ዞሯት። ጎማዋን አዩ። ኮፈኗን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ የኋላ በር መፈለግ ጀመሩ። ሹፌር አይደሉ? ጌታ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። የኋላ በር የላትም፤ የኋላ ወንበርም የላትም።

«ታዲያ ጌታው የት ይቀመጣል?» አሉ።

«አባባ፣ ጌታው እርስዎ ነዎት። ከፊት ይግቡ» አላቸው።

አንድ እሑድ ማለዳ እሱ ኃላፊ ወደሆነበት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ይዟቸው ሄደና ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠ። አባት የጫማቸውን አቧራ አራግፈው ገቡ። ወንበሩን ወደ መሪው አስጠጉ፤ መደገፊያውን ቀጥ አደረጉት። «ሹፌር ተንጋሎ አይነዳም» አሉ። ሜዳውን በእግረኛ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ አቁመው መሐረባቸውን አወጡና መሪውን ጠርገው ቁልፉን መለሱለት። ሌላ ምንም አላሉም።

የመኪናዋ ወንበር በኤሌክትሪክ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የነጂውን አቀማመጥ ልክ የሚያስታውሱ ቁልፎችም አሉት። 1 ቁጥር የወዳጄ ነው። አባቱ እንደወረዱ፣ ወንበሩን ሳይነካ፣ 2 ቁጥር ላይ የሳቸውን ልክ መዘገበ። አባት እ.ኤ.አ. በ2019 አረፉ። ከዚያ ወዲህ 2 ቁጥርን ማንም ነክቶት አያውቅም።

ጣሪያዋ አፈሰሰ፣ ሚስት አኮረፈች

ዓመታት አለፉ። ትዳር መጣ፤ ልጅ መጣች። ቤንዟም አረጀች። ጣሪያዋን የሚያነሳው በዘይት ግፊት የሚሠራ ነገር ነው፤ ዘይቱን የሚይዙት ላስቲኮች ሲደርቁ ማንጠባጠብ ጀመረ። የመስኮቱና የጣሪያው ላስቲክም ደረቀ፤ ዝናብ ሲመጣ ወንበሩ ይረጥባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ያለው አንድ ሀበሻ መካኒክ ከላይ እስከ ታች አያትና «ወንድሜ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው። ላስቲክ ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ዕድሜ ነው የሚቆጥረው» አለው። ሁሉንም ለማደስ የጠየቀው 11 ሺህ ዶላር ነበር። መኪናዋ ብትሸጥ ያንን አታወጣም።

ባለቤቱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በስልክ አነጋገርኳት። «እኔ እኮ መኪናዋን አልጠላኋትም» አለችኝ። «የጠላሁት ከኋላ ከኋላ መከተሉን ነው። ሁለት ወንበር ብቻ! እሑድ እሑድ እሱ በቤንዝ ከፊት፣ እኔና ልጄ በቶዮታ ከኋላ። ያየን ሰው ሁሉ የተጣላን ነው የሚመስለው!»

ሚስት ብትናገር እንኳ ይቻል ነበር። አንድ ቀን ግን የአምስት ዓመቷ ልጁ መስኮቱን ይዛ «አባቢ፣ ያንተ መኪና ለምን እኔን አትወደኝም?» አለችው።

በቃ። ያን ዕለት ነው የቆረጠለት። «አባቴ ያላሳፈሩኝ መኪናዋ የመንግሥት ስለሆነች ነው» አለኝ። «የኔዋ የማን ናት?»

ለምን ሁለቱንም አይዝም ትሉ ይሆናል። አስቦታል። ሒሳብ ሠራተኛዋ እርሳስ አንስታ ቁጭ አለች፤ የሁለት መኪና ኢንሹራንስ፣ የማቆሚያ ኪራይ (ለባለ ፓርኪንግ ሰው!)፣ ጥገና። ደግሞም የቆመች መኪና አትድንም። ባትሪዋ ይሞታል፣ ጎማዋ በቆመችበት በኩል ይጠፈጠፋል፣ ቤንዚኑም ይበላሻል። ወደ አዲስ አበባ ልኮ አባቱ ግቢ ሊያቆማትም ተመኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲያግድ ያም ሕልም ተዘጋ።

አራቱ እጩዎች

ሃያ ዓመት ሌት ተቀን ሠርቶ ያስቀመጠው፣ ባለቤቱም የፈቀደችለት 75 ሺህ ዶላር አለው። ብዙ ገንዘብ ነው፤ አትቆጡ። ከዚያም ፍለጋ ተጀመረ። እያንዳንዷን እንደ ሙሽራ እጩ እንያት።

መጀመሪያ ልቡን የሰቀለችው የሸቭሮሌዋ ኮርቬት ናት። የአሜሪካ ወጣት የሚያብድላት። ከ1953 ጀምሮ ከፊት የነበረው ሞተሯ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በታየው ስምንተኛ ትውልድ ላይ ከሾፌሩ ጀርባ ተዛወረ። 6.2 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ 490 የፈረስ ጉልበት። ስትታወጅ መነሻ ዋጋዋ 60 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በገንዘቡ ልክ ይህን ያህል ጉልበት የሚሰጥ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ግን ስንት ወንበር አላት? ሁለት! ልጅቷ አሁንም በር ላይ ልትቀር ነው። ኮርቬት ወጣች።

ሁለተኛዋ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ፣ አዲሷ ኤስ ኤል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አይደል የሚባለው? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣችው ይህች መኪና ከኋላ ትናንሽ ወንበሮች ስላሏት ወዳጄ ደስ ብሎት ሄደ። ነገር ግን ያገለገለ ሲፈልግ ለኪሱ የሚቀርበው ኤስ ኤል 43 የሚባለው ሆነ። የዚያ ሞተር 2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር ነው። ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፤ በጉልበት አሮጊቷን ያስንቃታል። ግን ያ ከሆድ የሚወጣው የ8 ሲሊንደር ድምፅ የለም። ባለ 8 ሲሊንደሯ ኤስ ኤል 55 ደግሞ አዲሷ ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ናት። ስሙ ያው ነው፤ እሱ የሚያውቃት ግን ያቺ አይደለችም።

ሦስተኛዋ ፖርሽ 911። ከፓርኪንግ ዘመኑ ጀምሮ የሚያልማት። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ስትታይ ስሟ 901 ነበር። ፔጆ «መሐሉ ላይ ዜሮ ያለው ባለ ሦስት አሐዝ ስም የኔ ነው» ብሎ ስለተቃወመ ነው 911 የሆነችው። ይኸው ከስድሳ ዓመት በላይ ቅርጿን ሳትጥል፣ ሞተሯን ከኋላ እንደያዘች አለች። ሕፃን የሚይዝ የኋላ ወንበርም አላት። አዲሷ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነች ያገለገለች አገኘና ሞከራት። «መንገዱን በእጅህ የምትዳስሰው ነው የሚመስልህ» አለኝ። ታዲያ ለምን አልገዛህም? ስለው ሳቀ። «ሁልጊዜ ና እንሩጥ፣ ና እንሩጥ ትለኛለች። ስመለስ መዳፌ በላብ ርሶ ነበር። መኪናዋ ልክ ናት። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ግራ ገባው። ማታ ማታ ቪዲዮ ሲያይ ያድራል። አንዱ ይቺን ያወድሳል፤ ሌላው ያቺን ያራክሳል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ 11 ሺውን ዶላር ለመካኒኩ ሊከፍል ነበር።

ሚስት የሰጠችው ወረቀት

ያዳነው የሚስቱ ዘዴ ነው። አንድ ማታ ኮምፒውተሩን ዘጋችበትና ወረቀት ሰጠችው። «ቤንዟ ውስጥ ደስ ያለህን ሦስት ቀን ጻፍ። የፈረስ ጉልበት እንዳትጽፍ፤ ቀን ነው ያልኩህ።»

ጻፈ።

የመጀመሪያው ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ፣ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ፣ ቅጠሉ በቀላበት ወራት፣ ጣሪያ ከፍቶ ከእጮኛው (ከአሁኗ ሚስቱ) ጋር የሄደበት ቀን። መንገዱ 105 ማይል ርዝመት አለው። የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ብቻ ነው፤ በኛ 56 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑ ነው። ሁለተኛው አባቱን ከኤርፖርት ያመጣበት ማታ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እየተጫወቱ። ሦስተኛው ያው የሜዳው እሑድ።

ሚስት አነበበችና «ተመልከት» አለችው። «አንዱም ላይ አልሮጥክም።»

አንባቢዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሰው የሚወዳትን አሮጌ መኪና ሲቀይር፣ «ከሷ የምትበልጥ» ይፈልጋል። የምትበልጥ ሞልቷል! አዲስ ሁሉ ከአሮጌ ይፈጥናል። መፈለግ ያለበት ግን የወደደውን ነገር ነው። ወዳጄ የወደደው እርጋታዋን፣ ድምፅዋን፣ የተከፈተ ጣሪያዋን ነው። እሱ ግን የኮርቬትን ሰከንድ ሲቆጥር ሁለት ወር አባከነ።

ወረቀቱን ይዞ ሲፈልግ ነው አራተኛዋ የመጣችው፤ ሌክሰስ ኤል ሲ 500፣ ባለ ሸራ ጣሪያዋ። ስሰማ ጮህኩበት፤ «ቶዮታ ለመግዛት ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» ሌክሰስ የቶዮታ መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ። እሱም በስንት ዓመቱ ከቶዮታ ሊያመልጥ ሲሞክር እንደገና እጁ ገባ!

ነገሩን ሲያስረዳኝ ግን ዝም አልኩ። የዚህችም ሞተር 5 ሊትር ነው። የዚህችም ሲሊንደር 8 ነው። ተርቦ የለውም፤ በራሱ ሳንባ የሚተነፍስ፣ 471 የፈረስ ጉልበት ያለው። ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ጣሪያዋ በ15 ሰከንድ ያህል ይከፈታል። ከኋላ ሁለት ትናንሽ ወንበሮች አሏት። ደስ የሚለው አጋጣሚ ደግሞ፣ ሌክሰስ የሚባለው ስም የመጀመሪያ መኪናውን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የአሮጊቷ ቤንዝ ትውልድ በወጣበት ዓመት!

እንከን የላትም አልልም። ከባድ ናት፣ ከሁለት ቶን በላይ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፖርሿን አትከተላትም። የዕቃ ቦታዋ ጠባብ ነው። ከኋላ አዋቂ ሰው አይቀመጥም። እሱ ያያት የ2021 ሥሪት ላይ ሬዲዮና ካርታ የሚታዘዘው በጣት በሚዳሰስ ሰሌዳ ነው፤ እስኪለምዱት ያናድዳል። ቤንዚኗም ውዱ ዓይነት ነው። ግን መሪ ይዞ፣ ጣሪያ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ሲነዳት ከሚስቱ ጋር ያለ ጩኸት ተነጋገሩ። «እዚህ ውስጥ ስትናገር ትሰማኛለህ» አለችው። ሌላ ምን ትበል?

እናንተስ?

«የኛ አቅም ቪትዝ ናት፣ እሷም በስንት መከራ» የምትሉ አላችሁ። ቪትዝም ብትሆን፣ የአጎት ቮልስዋገንም ብትተካ ነገሩ አንድ ነው። ከወዳጄ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የወደዳችሁትን ቀን ጻፉ። ሻጭና ደላላ የሚያወራችሁ ስለ መኪናዋ ነው፤ ስለ እናንተ ኑሮ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ አብሯችሁ የሚሳፈረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ወዳጄ ልጁንም፣ የልጁን መቀመጫም ይዞ ነው መኪና መሸጫው የሄደው። ሻጩ ቅር ቢለውም መቀመጫውን ከኋላ አስገባ፤ ልጅቷን አሰረ፤ ከፊት ለፊቷ ሚስቱን አስቀመጠ። ወረቀት ላይ «4 ሰው» የሚል መኪና ሁሉ 4 ሰው አይዝም።

ሦስተኛ፣ ሻጩ በመረጠላችሁ መንገድ ብቻ አትሞክሩ። የምታውቁት መንገድ ላይ፣ ከተቻለ አሮጌዋን በነዳችሁበት ቀን ንዱ። ሞተሩም ሳይሞቅ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ ሲነሳ ስሙት። ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቃችሁ ሻጭ አንዳንዴ የሚደብቀው አለው።

አራተኛ፣ የመግዣ ዋጋ ብቻውን ዋጋ አይደለም። ኢንሹራንሱን ሳትገዙ በፊት ጠይቁ። የአራት ጎማ ዋጋ ጠይቁ፤ የስፖርት መኪና ጎማ ሰፊ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የአገልግሎት ደብተሯን፣ የግጭት ታሪኳን እዩ። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ከሥር ሆኖ ይያት። ጎማው ራሱ ደግሞ ዕድሜውን ይናገራል፤ ከጎኑ የታተመችውን ባለ አራት አሐዝ ቁጥር ፈልጉ። 2321 ካለ በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይቺ ምክር እዚህ አዲስ አበባም ትሠራለች። «አዲስ ጎማ ነው» ብሎ የሚምልላችሁን ሰው ቁጥሩን ስታነቡለት ፊቱን እዩት!

አምስተኛ፣ አሮጌዋን በንዴት አትሽጡ። ጉድለቷን ደብቃችሁም አትሽጡ። ወዳጄ ቤንዟን የሸጣት ለዚያው ላስቲኳን ለቆጠረው መካኒክ ነው። ከሌላ ሰው ትንሽ የተሻለ ዋጋ ቀርቦለት ነበር፤ ያ ሰው ግን ጣሪያዋን ሳይከፍት፣ ኮፈኗን ሳያነሳ ስለ ዋጋ ብቻ ነበር የሚያወራው። መካኒኩ እጁ ያውቃታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ እያለ ላስቲኳን ይለውጥላታል።

ሜትሩ

አንድ ነገር ቀርቷል። ቁልፉን ለመካኒኩ ከማስረከቡ በፊት በነበረው ማታ፣ ወዳጄ ብቻውን ወርዶ ቤንዟ ውስጥ ገባ። ከእንጨት ሠራተኛ ጎረቤቱ የተዋሰው ሜትር ይዟል። ለስድስት ዓመት ያልነካውን 2 ቁጥር ተጫነ። ወንበሩ እያጉረመረመ ወደ መሪው ተጠጋ፤ መደገፊያው ቀጥ አለ። ከፍሬኑ እስከ ወንበሩ ጫፍ ለካ። ከመሪው እስከ መደገፊያው ለካ። ከወለሉ እስከ መቀመጫው ለካ። ሚስቱ በሰጠችው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈው።

በማግስቱ አዲሷ መኪና ውስጥ ገብቶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወንበሩን በሜትር አስተካከለ። የሷም ወንበር ማስታወሻ አለው። 1 ቁጥር የራሱን፣ 2 ቁጥር የአባቱን መዘገበ። 3 ቁጥር የሚስቱ ሆነ።

ይሄን የነገረኝ ለገና መጥቶ፣ ቤታችን ቡና እየተፈላ ነው። እናቴ ከሰል እያራገበች ስትሰማ ቆይታ «ታዲያ ለማን ነው 2ን ያስቀመጥከው፣ ልጄ? አባትህ አይመለሱ» አለችው።

ትንሽ ዝም ብሎ፣ ሲኒውን አስቀመጠና መለሰላት። «እሑድ ጠዋት ልጄን ከማስገባቴ በፊት እጫነዋለሁ፣ እማማ። ትንሽ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። መሪውን እጠርጋለሁ። ከዚያ 1ን ተጭኜ፣ ልጄን ከኋላ አስሬ እንሄዳለን።»

እናቴ ሁለተኛውን ቀዳችለት። እኔም ከዚያ ወዲህ በመኪናው አልተረብኩትም።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱልኝ።